በአይጥ ደም ውስጥ ቲኤችሲን መለካት፦ ዕፁ የት የት ይደበቃል?

ከአወዳይ የተጫነ ጫት ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪደርስ መኪናው ለምን እንደሚከንፍ ለዚህ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1975 ከትኩስ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው ካቲኖን፣ ቅጠሉ እየጠወለገ በሄደ ቁጥር ወደ ደካማዎቹ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፤ የዛሬው ምርጥ ጫት ነገ ከገራባ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዕፅ በደም ውስጥ ይለካ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚፈራው ጊዜን ነው። የካናቢስ ጠባይ ግን ሌላ ነው። ዋናው አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ እንደ ካቲኖን ቶሎ አይፈርስም፤ ይደበቃል። ውሃን ይሸሻል፣ ስብን ይወዳል። ስብ ካላገኘ ፕላስቲክ፣ ፕላስቲክ ካላገኘ የጎማ ክዳን ላይ ይለጠፋል። ከአይጥ ደም ውስጥ ቲኤችሲን የሚለካ ሰው ሥራው በአብዛኛው ይህን የሚሸሽ ነገር መከታተል ነው፤ ውዱ ማሽን የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ቲኤችሲ ምን ዓይነት ሞለኪውል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1964 እስራኤል ውስጥ የለዩት የኺኤል ጋኦኒና ራፋኤል መሹላም ናቸው። አንጎል ላይ የሚያርፍበት ሲቢ1 የተባለው ተቀባይ ዘረመል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ከአይጥ አንጎል ነው። በአይጥ ላይ ጥናት የሚደረገው ለሕመም፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለሱስና ለእርግዝና ጥያቄዎች ነው፤ በማንኛቸውም ውስጥ «ለአይጡ ይህን ያህል ሰጠን» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሰጠነው ሌላ፣ ደሙ ውስጥ የገባው ሌላ ሊሆን ይችላል።

አብረው የሚለኩት ሦስት ናቸው። አንደኛው ራሱ ቲኤችሲ ነው። ጉበት መጀመሪያ የሚቀይረው ወደ 11-ሃይድሮክሲ-ቲኤችሲ ነው፤ ይህም አንጎል ላይ ይሠራል። ቀጥሎ የሚመጣው ካርቦክሲ-ቲኤችሲ አያሰክርም፣ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። የሴት አይጥ ጉበት 11-ሃይድሮክሲውን ከወንዱ አብልጦ ስለሚሠራ፣ የአይጡን ፆታ ሳይጽፉ ውጤት ማቅረብ ግማሹን መረጃ መጣል ነው።

መጠኑ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመገመት እንዲህ እንየው። ደም ውስጥ የሚገኘው ቲኤችሲ የሚቆጠረው በሚሊ ሊትር ናኖግራም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአስሮች እስከ ጥቂት መቶዎች። በሚሊ ሊትር 1 ናኖግራም ማለት አንድ ግራም በአንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ውስጥ ማለት ነው። ሐረር ውሃ ሲጠፋ በየሰፈሩ የሚዞረው 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ 100 ጊዜ ሲመላለስ፣ በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ የተበተነች አንዲት ግራም።

«በሽንት የሚመረምረው ስትሪፕ አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። አይበቃም። ያ ስትሪፕ የሚፈልገው በአብዛኛው ካርቦክሲውን ነው፤ የተለመደው መነሻውም በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ነው፤ መልሱ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ነው። ተመሳሳይ ሞለኪውሎችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ስንት ቲኤችሲ፣ ስንት ሃይድሮክሲ እንደሆነ አይለይም።

መጠኑን ማዘጋጀት

ፈቃዱ ከሥራው ይቀድማል። ካናቢስ በአገራችን ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ስለሆነ ቲኤችሲን ለምርምር ማስገባትና መያዝ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል፤ የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴም ዕቅዱን ማየት አለበት። የተቆለፈ ካቢኔ፣ ሁለት ሰው የሚፈርምበት መዝገብና በየዕለቱ የሚመዘን ጠርሙስ የግድ ናቸው።

ቲኤችሲ በጨው ውሃ አይሟሟም። የተለመደው ማሟሚያ ኤታኖል 1 እጅ፣ ኮሊፎር ኢኤል የተባለው ዘይታማ ማዋሃጃ 1 እጅ፣ ሳላይን 18 እጅ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ቲኤችሲው መጀመሪያ በኤታኖል ይሟሟል፣ ኮሊፎሩ ይጨመርና በደንብ ይቀላቀላል፣ ሳላይኑ በመጨረሻ በትንሽ በትንሹ እየተማታ ይገባል። ሳላይኑን ያስቀደመ ወይም በአንድ ጊዜ የደፋ ሰው ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ሙጫ ያገኛል። ለምሳሌ በሚሊ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ያለው ውሁድ ቢዘጋጅና ለ250 ግራም አይጥ 0.5 ሚሊ ሊትር ቢሰጥ 0.75 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ሁሉም በመስታወት ዕቃ፣ ከብርሃን ተከልሎ፣ በዚያው ቀን ይዘጋጅ። ወደ ፕላስቲክ ሲሪንጅ ከተቀዳ ወዲያው ይወጋ፤ ጧት ተሞልቶ ከሰዓት የሚወጋ ሲሪንጅ ከሚገባው ያነሰ ሊሰጥ ይችላል። ከዚሁ ውሁድ ደግሞ ጥቂት ማስቀረትና እንደ ደሙ ሁሉ መለካት ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። በኋላ የደሙ ቁጥር ዝቅ ሲል ጥፋቱ የመርፌው ይሁን የጉበቱ የሚለይበት መንገድ ይጠፋቸዋል።

ሆድ ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አንዳንዴ አንጀት ወይም ስብ ውስጥ ይገባል። ከአንድ ቡድን ስድስት አይጦች አምስቱ ተቀራርበው አንዱ ለብቻው በጣም ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ቢሆንም ቁጥሩ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል እንጂ።

ደም መቅዳት

250 ግራም የሚመዝን አይጥ በጠቅላላው 16 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም አለው፤ በኪሎ 64 ሚሊ ሊትር ተብሎ ይሰላል። ከዚህ 10 በመቶው 1.6 ሚሊ ሊትር ነው። በ15 እና በ30 ደቂቃ፣ ከዚያም በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ24 ሰዓት 0.2 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ ድምሩ 1.4 ይሆናል፤ ከገደቡ በታች ነው፤ ከዚያ በኋላ አይጡ ሁለት ሳምንት ማረፍ አለበት። 25 ግራም የምትመዝነው ትንሿ አይጥ ግን ያላት ደም ሁሉ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከእሷ ሰባት ጊዜ መቅዳት አይታሰብም፤ ለየሰዓቱ የተለያዩ አይጦች ይመደባሉ። ዕፁ በደም ሥር ከተሰጠ ወይም በእንፋሎት ከተሳበ ከፍታው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ የመጀመሪያው ናሙና በ5 ደቂቃ መወሰድ አለበት።

ከጭራ ደም ሲቀዳ ቲኤችሲ ራሱ ያስቸግራል። ዕፁ የአይጡን የሰውነት ሙቀት ያወርዳል፣ የጭራው ደም ሥር ይጨማደዳል፣ ደሙ ጠብ ጠብ ይላል። ጭራውን ለብ ባለ ውሃ ወይም ጨርቅ ማሞቅ ይረዳል፤ ጨምቆ ማውጣት ግን ቀይ ሕዋሶቹን ያፈነዳል። የክፍሉ ሙቀት ከ20 እስከ 26 ዲግሪ መሆን አለበት። ድሬዳዋ ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል ከቀትር በኋላ ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ በሞቀ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቲኤችሲ የሰውነት ሙቀትን የማውረድ ኃይሉ ይቀንሳል። ሐረር ላይ የተሠራና ድሬ ላይ የተሠራ ሙከራ አይጡም መጠኑም አንድ ሆኖ ሊለያይ የሚችለው በዚህ ጭምር ነው። በየሰዓቱ የክፍሉን ሙቀት መጻፍ አንድ ቴርሞሜትር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ለምን እንደሚዘነጋ አይገባንም።

በዚህ ደረጃ ከሁሉ የከፋው ስህተት በዓይን አይታይም። ከላይ የተዘጋጀው መርፌ በአንዲት ማይክሮ ሊትር ውስጥ 1,500 ናኖግራም ይይዛል። የአይጡ ፕላዝማ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ቢኖረው፣ ከ0.2 ሚሊ ሊትር ደም የምናገኘው 0.1 ሚሊ ሊትር ፕላዝማ በጠቅላላው 5 ናኖግራም ነው ያለው። እንግዲህ ከአንዲት ማይክሮ ሊትር 300ኛዋ ብናኝ ጓንት ላይ ቀርታ ቲዩቡ አፍ ብትነካ ውጤቱ እጥፍ ይሆናል። መርፌ የሚወጋውና ደም የሚቀዳው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ ካልተቻለ ጓንት ይቀየር፣ ጠረጴዛ ይቀየር። በጭራ ደም ሥር ከተወጋ ከዚያው ጭራ አይቀዳ። ምንም ያልተሰጠው አይጥም በየሰዓቱ እንደ ሌሎቹ ይቀዳ፤ የእሱ ደም ውስጥ ቲኤችሲ ከተገኘ ብክለቱ ተጋለጠ ማለት ነው።

ቲዩቡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት ትንሹ ዓይነት ነው። ደሙ እንደገባ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ተብሎ ይገላበጣል፤ አይናወጥም። ክሊኒኮች የሚወዱት መለያ ጄል ያለበት ቲዩብ እዚህ አይሆንም፤ ጄሉ ስብ ወዳዱን ቲኤችሲ ይመጥጠዋል። ቲዩቦቹ በረዶ ላይ ይቀመጡና በ30 ደቂቃ ውስጥ ደሙን አሽከርክሮ ፕላዝማውን ከሕዋሶቹ ወደሚለየው ሴንትሪፊውጅ ይግቡ።

ፕላዝማውን መለየትና ማቆየት

መመሪያዎች «በ2,000 ጂ ለ10 ደቂቃ፣ በ4 ዲግሪ» ይላሉ፤ ጂ ማለት የመሬት ስበት ኃይል ነው። ማሽኑ ላይ ያለው ቁልፍ ግን የሚያሳየው ዙር በደቂቃ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ከመሃሉ እስከ ቲዩቡ ጫፍ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ ሴንትሪፊውጅ 2,000 ጂ ማለት 4,700 ዙር ገደማ ነው፤ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነው ትልቅ ላይ ደግሞ 3,450 ገደማ። በማስመሪያ ለክቶ አንድ ጊዜ ማስላትና ክዳኑ ላይ መለጠፍ ነው። የማያቀዝቅዝ ሴንትሪፊውጅ በድሬ ሙቀት ሲሽከረከር ይብስ ይግላል፤ ማቀፊያዎቹን ቀድሞ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ይረዳል።

ፕላዝማው ሲነሳ ከሕዋሶቹ በላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር መተው ይሻላል። ቀለሙ እንደ ገለባ መሆን አለበት፤ ከቀላ ይመዝገብ። በሁለት ቲዩብ ይከፈላል፦ 50 ማይክሮ ሊትሩ ለልኬቱ፣ የቀረው ለመጠባበቂያ። ሙሉ ደምና ፕላዝማ አንድ እንዳልሆኑም ይታወስ። ቲኤችሲ በአብዛኛው ፕላዝማው ውስጥ ስለሚቆይ የሙሉ ደሙ ቁጥር ከፕላዝማው ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ያህል ነው። የአንዱን ጥናት የሙሉ ደም ቁጥር ከሌላው የፕላዝማ ቁጥር ጋር ማወዳደር ሰዎችን በከንቱ ያከራክራል።

ማቆያው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ነው። መብራት ከሄደ በሩን አለመክፈት፤ የሞላ ፍሪዘር ከባዶው ይልቅ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሙቀት መዝጋቢ ከሌለ ቢያንስ አንድ ኩባያ ውሃ አቀዝቅዞ ከላዩ ሳንቲም ማስቀመጥ ይቻላል። ሳንቲሙ በረዶው ውስጥ ሰምጦ ከተገኘ ሌሊት ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል። ናሙናው አዲስ አበባ የሚለካ ከሆነ በደረቅ በረዶ ታሽጎ ይላካል። ከድሬ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚያስፈራው በረራው ሳይሆን ሳጥኑ ፀሐይ ላይ የሚቆምበት ሰዓት ነው። ክዳኖቹ ካልጠበቁ ከደረቁ በረዶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ገብቶ ፕላዝማውን ያኮመጥጠዋል።

ከፕሮቲኑ ማላቀቅ

ፕላዝማ ውስጥ ከ95 በመቶ በላይ የሆነው ቲኤችሲ ከፕሮቲንና ከስብ ተሸካሚዎች ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ይህ ማጣበቂያ እስካለ ድረስ ዕፁ ቲዩቡ ግድግዳ ላይ ብዙ አይለጠፍም፤ ፕሮቲኑ ይዞታልና። አደጋው የሚጀምረው ስናላቅቀው ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ቲኤችሲ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ፕላስቲኩ ይሸሻል። ስለዚህ መጠናቸው የታወቀ የማመሳከሪያ ናሙናዎች በውሃ ሳይሆን ዕፅ ባልተሰጠው አይጥ ፕላዝማ ይዘጋጃሉ፤ ዋናው ማመሳከሪያም በሜታኖል ተሟሙቶ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። 50 ማይክሮ ሊትር ፕላዝማ ላይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ 10 ማይክሮ ሊትር ኢንተርናል ስታንዳርድ ይጨመራል። ይህ ሦስት ሃይድሮጅኖቹ በከባዱ ሃይድሮጅን የተተኩ ቲኤችሲ ነው፤ ጠባዩ አንድ፣ ክብደቱ ብቻ የተለየ መንታ። በመንገድ ላይ ግማሹ ቲኤችሲ ቢጠፋ መንታውም በግማሽ ይጠፋል፤ የሁለቱ ንጽጽር ግን አይናወጥም። ይህን ከማላቀቁ በኋላ የጨመረ ሰው ጥቅሙን በገዛ እጁ አጥቶታል። ተደባልቆ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ መንታው ከፕሮቲኑ ጋር መላመድ አለበት።

ከዚያ 200 ማይክሮ ሊትር በረዶ የመሰለ አሴቶኒትሪል ቲዩቡ እየተማታ በጠብታ ይገባል። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ፕሮቲኑ እንደ አይብ ተጓጉሎ ዕፁን ውስጡ ይዞት ይቀራል። አሥር ደቂቃ በከፍተኛ ፍጥነት ተሽከርክሮ ከላይ ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ይወሰዳል። ይህ ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ጉድለቱ ፎስፎሊፒድ የተባሉት ስቦች አብረው አልፈው ማሽኑ ላይ የቲኤችሲን ምልክት ማፈናቸው ነው። ዝቅ ያለ መጠን ለሚለካ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል፦ 9 እጅ ሄክሴንና 1 እጅ ኤቲል አሴቴት አንድ ሚሊ ሊትር ጨምሮ አሥር ደቂቃ ማናወጥ፣ ማሽከርከር፣ የታችኛውን ውሃማ ክፍል ማቀዝቀዣ ውስጥ አርግቶ የላዩን ወደ መስታወት መገልበጥ። ካርቦክሲው አሲድ ስለሆነ ፕላዝማው ቀድሞ በትንሽ አሴቲክ አሲድ ካልኮመጠጠ ወደ ላይኛው ክፍል በደንብ አይወጣም።

ፈሳሹ በናይትሮጅን፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ይተናል። ሲሊንደሩ ባለቀበት ቀን የኮምፕረሰር አየር መጠቀም ያጓጓል፤ አይደረግ። አየር ኦክሲጅን አለው፤ ኦክሲጅን ቲኤችሲን ወደ ካናቢኖል ይቀይረዋል። ንጹሕ ቲኤችሲ ብቻ በተሰጠው አይጥ ናሙና ውስጥ ካናቢኖል ጉልህ ሆኖ ከታየ መጀመሪያ ማትነኛውን ይመርምሩ። የደረቀው በ100 ማይክሮ ሊትር 70 በመቶ ሜታኖል መልሶ ይሟሟል። ማሽኑ ውስጥ ላለው መለያ ዓምድ ይስማማል ብሎ ውሃ ያበዛ ሰው ዕፁን ለቫያሉ (ለትንሿ የናሙና ጠርሙስ) ግድግዳ አስረክቧል።

ለሞቃት ላቦራቶሪ አንድ ነገር እንጨምር። ሜታኖልና አሴቶኒትሪል በድሬ ሙቀት ከፒፔቱ ጫፍ በራሳቸው ይንጠባጠባሉ፤ ጫፉ ውስጥ ያለው አየር በእንፋሎት ስለሚሞላ ነው። ከመለካቱ በፊት ፈሳሹን ሦስት ጊዜ ስቦ መመለስ ይህን ያስቆማል። የማመሳከሪያው ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ከዋለ ደግሞ ሜታኖሉ ይተናል፣ ቲኤችሲው ይቀራል፣ ውሁዱ ከተጻፈበት በላይ ይወፍራል። «10» ያልነው በእውነት 12 ይሆንና 12 ያለው አይጥ በመዝገብ 10 ተብሎ ይገባል። በየጊዜው ጠርሙሱን መመዘን ይህን ያጋልጣል።

ማሽኑ ላይ

መለኪያው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ከሁለት ደረጃ ማስ ስፔክትሮሜትር ጋር የተያያዘበት ነው። ዓምዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲ18 የተባለው፣ ሞለኪውሎቹን በየተራ ያወጣል፤ ማስ ስፔክትሮሜትሩ በክብደታቸው ይለያቸዋል። ቲኤችሲ 315 ሆኖ ይገባና ተሰብሮ 193 ይሆናል፤ መንታው ከ318 ወደ 196። ሁለተኛ ስብርባሪ፣ 123፣ ለማረጋገጫ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው ጠንቃቃውም የሚስተው። ሲቢዲ የተባለው ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገር ከቲኤችሲ ጋር ክብደቱ አንድ ነው፤ ሲሰበርም ያው 193 ይወጣዋል። ማስ ስፔክትሮሜትሩ ብቻውን አይለያቸውም። የሚለያቸው ዓምዱ ነው፦ በሲ18 ላይ ሲቢዲ ቀድሞ፣ ቲኤችሲ ኋላ ይወጣል። ጊዜ ለመቆጠብ ሩጫው ካጠረ ማሽኑ የሚሥላቸው ሁለቱ ጉብታዎች ተደራርበው ሲቢዲ የተሰጠው አይጥ ቲኤችሲ ያለው ይመስላል። የናሙና ተራ ከመጀመሩ በፊት ሲቢዲን ለብቻው፣ ቲኤችሲን ለብቻው፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ አስገብቶ በመካከላቸው ያለው መስመር እስከ ወለሉ መውረዱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የቲኤችሲ የቅርብ ዘመድ የሆነው ዴልታ-8-ቲኤችሲ ደግሞ ከዋናው ጋር ይበልጥ ስለሚቀራረብ ጥርጣሬ ካለ እሱንም መፈተሽ ነው።

ማመሳከሪያዎቹ ለምሳሌ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 25፣ 50፣ 100 እና 250 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይሆናሉ። ከእነሱ የመለኪያው መስመር ሲሠራ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዳይጎትቱ ለትንንሾቹ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ከ250ው በኋላ ባዶ ፕላዝማ ይገባል፤ የማሽኑ መርፌ ላይ የተለጠፈ ቲኤችሲ ቀጣዩን ናሙና ሊበክል ይችላልና። ባዶው ላይ የሚታየው ከዝቅተኛው ማመሳከሪያ 20 በመቶ ከበለጠ የመርፌው እጥበት ጠንከር ባለ አሴቶኒትሪልና አይሶፕሮፓኖል ይደገማል። መጠናቸው አስቀድሞ የሚታወቅ የቁጥጥር ናሙናዎች በሦስት ደረጃ፣ ለምሳሌ 3፣ 100 እና 200፣ በናሙናዎቹ መሃል ይሰገሰጋሉ። ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛው፣ በየደረጃውም ቢያንስ ግማሹ፣ ከእውነተኛው መጠን በ15 በመቶ ውስጥ ካልወደቀ የዕለቱ ተራ በሙሉ ይጣላል።

ቁጥሩን ማንበብ

ከመርፌ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ቲኤችሲ ሲወርድ አንጎል ውስጥ ያለው ገና እየወጣ ሊሆን ይችላል። በ15 ደቂቃ 80 የተነበበለት አይጥ በ1 ሰዓት 40 ቢነበብለት «ግማሽ ለቀቀው» ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ስብ ውስጥ የተቀመጠው ቀስ እያለ ስለሚመለስ በተደጋጋሚ የተሰጠው አይጥ ከመጨረሻው መርፌ ቀናት በኋላም ጥቂት ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሰዓት የሌለው ቁጥር አይነበብም፤ «50 ናኖግራም» ብቻ ብሎ የሚያቀርብ ሠንጠረዥ የመርፌውን መንገድ፣ ደቂቃውን፣ ፆታውንና ፕላዝማ ወይም ሙሉ ደም መሆኑን ካልጨመረ ማንም ሊጠቀምበት አይችልም።

መጠባበቂያ ተብሎ የተቀመጠው ፕላዝማ ሥራ የሚያገኘውም እዚህ ነው። ከናሙናዎቹ የተወሰኑት፣ አንዳንዶቹ ከከፍታው አካባቢ፣ አንዳንዶቹ ከመጨረሻዎቹ ሰዓታት ተመርጠው፣ በሌላ ቀን እንደ አዲስ ይለካሉ። ሁለቱ ልኬቶች ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ናሙና ላይ በ20 በመቶ ውስጥ መገጣጠም አለባቸው። ሁለተኛው ልኬት በሁሉም ላይ ዝቅ ካለ የማከማቻውን ቲዩብ፣ ፍሪዘሩንና የማመሳከሪያውን ጠርሙስ ክዳን፣ እዚህም እዚያም ከተበተነ ደግሞ አሴቶኒትሪሉን ያንጠባጠበውን እጅ መመልከት ነው።